ለኤልክ የቀስት አደን ዕቃ አዘገጃጀት፦ ከመውጫው ወደ መግቢያው

የአደን ቦርሳ ሲዘጋጅ ሐሳቡ ሁሉ የሚሄደው ወደ መግቢያው ነው። ቀስት፣ ድንኳን፣ ልብስ፣ ስንቅ። ያ ሁሉ ተራራው ላይ ከደረሰ ነገሩ ያለቀ ይመስላል። ጉዱ የሚመጣው ግን ፍላጻው ኤልኩን ካገኘው በኋላ ነው። ኤልክ ትልቅ የአጋዘን ዓይነት ነው፤ ያደገ ወንዱ ከ300 ኪሎ በላይ ይመዝናል። አጥንቱ ተለይቶ ሥጋው ብቻ ሲቀር እንኳ ከ70 እስከ 110 ኪሎ ይሆናል። ይህ ሁሉ መኪና ከማይገባበት ቦታ የሚወጣው በጀርባ ነው።

ስለዚህ ቦርሳውን ከመጨረሻው ጀምረን እናዘጋጃለን። መጀመሪያ ሥጋው እንዴት እንደሚወጣ እናስባለን፣ ከዚያ ቀስቱን፣ ከዚያ ሌላውን። በዚህ ቅደም ተከተል የሚያስብ ሰው ማንም ሳይነግረው ብዙ ዕቃ ቤቱ ያስቀራል።

ምሳሌያችን ኮሎራዶ ነው። ከአሜሪካ ግዛቶች ሁሉ ብዙ ኤልክ ያለው እዚያ ነው። በዴንቨርና በኦሮራ ደግሞ ብዙ ሐበሻ ይኖራል። ኤስቴስ ፓርክ የምትባለው ከተማ ሄዶ ኤልክ መንገድ ዳር ሣር ሲግጥ ፎቶ ያላነሳ ጥቂት ነው። አጠገቡ ያለው ሮኪ ማውንቴን ብሔራዊ ፓርክ ለአደን ዝግ ነው። እኛ የምናወራው ማንም ሊያድንበት ስለሚችለው የሕዝብ መሬት ነው፤ እንደ ዋይት ሪቨር፣ ሳን ሁዋን እና ጋኒሰን ስላሉት ብሔራዊ ደኖች። ሂሳባችንን ለሁለት ጓደኛሞች እንሥራ፤ አምስት ቀን የሚቆዩ፣ ካምፓቸው ከመኪናው አምስት ኪሎ ሜትር የሚርቅ።

1. ወረቀቱ ይቅደም

ፈቃዱን የሚሰጠው የኮሎራዶ ፓርኮችና የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ነው። ከጃንዋሪ 1፣ 1949 ወዲህ የተወለደ ሰው ሁሉ የአዳኝነት ትምህርት ወስዶ ካርድ መያዝ አለበት። በነዋሪ ዋጋ ለመግዛት ግዛቱ ውስጥ ቢያንስ ስድስት ወር ተከታታይ መኖር ያስፈልጋል። ከሌላ ግዛት የሚመጣ አዳኝ እስከ 2024 ድረስ በብዙ ቦታ የቀስት ፈቃድ እንደ ማንኛውም ዕቃ ይገዛ ነበር። ከ2025 ጀምሮ ግን ከሀይዌይ 25 በስተምዕራብ ለሚገኙት ቦታዎች ዕጣ ውስጥ መግባት ግድ ሆኖበታል። የዕጣው ማመልከቻ የሚዘጋው በኤፕሪል መጀመሪያ ነው። ኦገስት ላይ ማሰብ ለጀመረ የሌላ ግዛት ሰው ረፍዷል።

ወቅቱ አብዛኛውን ጊዜ ከሴፕቴምበር 2 እስከ 30 ነው። እንቁጣጣሽም መስቀልም እዚያው ውስጥ ይወድቃሉ። ከቤተሰብ ጋር አስቀድሞ መነጋገር ከዝግጅቱ አንዱ ክፍል ነው፤ የዓመት በዓል ጠብ ከተራራው ይከብዳል።

የዓመቱን የሕግ መጽሔት አንብቡ። ቀስቱ ቢያንስ 35 ፓውንድ የመሳብ ኃይል ሊኖረው ይገባል። የፍላጻው ጫፍ ከኢንች 7/8 (22 ሚሊ ሜትር ገደማ) ያላነሰ ስፋትና ቢያንስ ሁለት የብረት ስለቶች ያስፈልጉታል። ፈቃዱን፣ መታወቂያችሁንና አንድ እስክሪብቶ በዚፕ ፌስታል አድርጉና ቦርሳው ክዳን ውስጥ አኑሩ። እስክሪብቶው ቀልድ አይደለም። እንስሳው እንደወደቀ ታጉ (ከፈቃዱ ጋር የሚመጣው የእንስሳው መለያ ወረቀት) ላይ ቀን ተሞልቶ መፈረም አለበት፤ ጫካ ውስጥ እስክሪብቶ የሚያበድር የለም።

2. ሂሳቡ

አንድ ሰው ሳይጎዳ ደጋግሞ ሊሸከም የሚችለው ሥጋ በአንድ ጉዞ 22 ወይም 25 ኪሎ ነው እንበል። 90 ኪሎ ሥጋ አራት ሸክም ይሆናል። ብቻውን የሄደ ሰው አራት ጊዜ ተሸክሞ ይወጣል፣ ሦስት ጊዜ ባዶውን ይመለሳል። አምስት ኪሎ ሜትር በሰባት ሲባዛ 35 ኪሎ ሜትር ነው። ድንኳኑና መኝታው አንድ ሸክም ሲጨምሩበት 45 ይገባል። ሁለት ሰዎች ከሆኑ ለእያንዳንዳቸው ሁለት የሥጋ ሸክምና አንድ የካምፕ ሸክም ይደርሳቸዋል፤ ይህም 25 ኪሎ ሜትር ነው። ያውም 3,000 ሜትር ከፍታ ላይ። አዲስ አበባ ማደጋችሁ አያድናችሁም፤ ዴንቨር 1,600 ሜትር ላይ ናት፣ ሳንባም ይረሳል።

ከዚህ ሂሳብ ሁለት ነገር ይወጣል። አንደኛ፣ «አሥራ አምስት ኪሎ ሜትር ገብቼ አድናለሁ» የሚል ብቸኛ አዳኝ ወይ ፈረስ አለው ወይ ሂሳብ አልሠራም። ሁለተኛ፣ ወደ ውስጥ የገባ ዕቃ ሁሉ ተመልሶ ይወጣል፤ ሲወጣ ደግሞ ጉልበታችሁ ያለቀ ጊዜ ነው።

ጋሪ እንገፋለን ብላችሁ ካሰባችሁ ካርታውን እዩ። በሕግ «ዊልደርነስ» ተብለው በተከለሉ ቦታዎች፣ ለምሳሌ በፍላት ቶፕስ፣ ሞተር ብቻ ሳይሆን ጎማ ያለው ጋሪና ብስክሌትም ክልክል ነው። ወደ ዋዮሚንግ መሻገር ለሚያስቡ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። እዚያ ነዋሪ ያልሆነ ሰው በፌዴራል ዊልደርነስ ውስጥ ትልልቅ እንስሳት የሚያድነው ፈቃድ ካለው አስጎብኚ ወይም ከግዛቱ ነዋሪ ጋር ሆኖ ብቻ ነው።

ዒላማችን እንዲህ ይሁን፦ ስንቅና ሁለት ሊትር ውሃ ተጨምሮ፣ ከቀስቱ ውጭ፣ 18 ኪሎ (40 ፓውንድ)። ቀስቱ ከነፍላጻው ሦስት ኪሎ ገደማ ይጨምራል። የወጥ ቤት ሚዛን ግዙና እያንዳንዱን ዕቃ መዝኑ። ክብደቱን ወረቀት ላይ ጻፉት። በግምት የተዘጋጀ ቦርሳ ሁልጊዜ ከታሰበው በላይ ይከብዳል።

3. ቦርሳው ራሱ

ገንዘብ የሚወጣው እዚህ ላይ ነው። ዝንጉርጉር የአደን ልብስ ላይ ከማፍሰስ ሁለት ነገር ላይ አውጡ፦ ቦርሳና ጫማ። ተራ የእግር ጉዞ ቦርሳ ካምፑን ያስገባላችኋል፤ 25 ኪሎ ሥጋ ሲጫንበት ግን ይጎብጥና ክብደቱን በሙሉ ትከሻ ላይ ይጥለዋል። የሚፈለገው ጠንካራ ፍሬም ያለው ነው። ከፍሬሙና ከጨርቁ መካከል ሥጋ የሚቀመጥበት ክፍት ቦታ ሊኖረው ይገባል። ይዘቱ ከ65 እስከ 90 ሊትር ይበቃል። የወገብ ቀበቶው የዳሌ አጥንት ላይ ቁጭ ሲል ክብደቱን እግር ይሸከመዋል።

ሱቅ ውስጥ ባዶውን አትሞክሩት። ማንኛውም ባዶ ቦርሳ ይመቻል። 20 ኪሎ እንዲጫንበት ጠይቁና ሩብ ሰዓት ተመላለሱበት። አዲሱ ውድ ከሆነ ያገለገለ ፈልጉ ወይም ተከራዩ።

4. የሥጋው ዕቃ

ቦርሳው ውስጥ መጀመሪያ የሚገባው ይህ ነው። በአንድ ደማቅ ከረጢት ተጠቃሎ ይቀመጣል፤ ካምፕ ውስጥ አይቀርም። ጠዋት ለአንድ ሰዓት ያህል ዞር ብላችሁ ለመመለስ ስትወጡም አብሯችሁ ይሄዳል። ጠቅላላ ክብደቱ ከአንድ ኪሎ አይበልጥም።

- አራት ወይም አምስት የሥጋ ከረጢት፣ አየር ከሚያስገባ ስስ ሰው ሠራሽ ጨርቅ የተሠራ።
- ስለቱ የሚቀየር ቢላ፣ ከመለዋወጫ ስለቶች ጋር። በተጨማሪ አንድ አጭር ጠንካራ ቢላ።
- ሁለት ጥንድ ስስ የላስቲክ ጓንት።
- 15 ሜትር ቀጭን ጠንካራ ገመድ።
- ሥጋው መሬት እንዳይነካ የሚነጠፍ ስስ ሸራ።
- ደማቅ የላስቲክ ሪባን።
- ሁለት የግንባር ባትሪ።

ለምን ሁለት ባትሪ? ኤልክ የሚንቀሳቀሰው ጎህ ሲቀድና ሲመሻሽ ነው። ማታ ከተመታ ፍለጋውም ብልት ማውጣቱም በጨለማ ነው የሚሆነው። ስለታም ቢላ ይዞ በጨለማ መሥራት የጣት ጠላት ነው። ሪባኑ ደግሞ የደም ዱካ ስትከተሉ የመጨረሻው የደም ጠብታ የታየበት ቦታ ላይ ይታሰራል። ዱካው ቢጠፋ መመለሻ ይሆናችኋል። ስትጨርሱ ሪባኑን ሰብስቡ።

መጋዝና መጥረቢያ አያስፈልግም። በዚህ አደን የተለመደው አሠራር ሆዱን ሳይከፍቱ ብልት ማውጣት ነው። እንስሳውን በጎኑ ታጋድማላችሁ፤ ቆዳውን ከጀርባው መስመር ጀምራችሁ ወደ ታች ትገፍፋላችሁ። ወርቹ ከጎድኑ ጋር በመገጣጠሚያ አልተያያዘም፤ በሥጋ ብቻ ነው የተያዘው፣ ስለዚህ በቢላ ብቻ ይነሳል። ታፋው በዳሌው መገጣጠሚያ በኩል ይለያል። ሽንጡ ከጀርባ አጥንቱ ጎን ይወጣል። አንገቱ ላይ ያለውን ሥጋ አንሱ። ከዚያ ገልብጣችሁ ሌላውን ጎን ትደግማላችሁ። ጭቅናው የሚወጣው በመጨረሻ ነው፤ ከኋለኛው ጎድን ጀርባ እጃችሁን አስገብታችሁ። ኮሎራዶ ውስጥ አራቱን እግሮች፣ ሽንጡንና ጭቅናውን ጥሎ መሄድ በሕግ ያስቀጣል። የሆድ ዕቃው በፈቃዳችሁ ነው። ዱለት ያማረው ሰው ለጉበቱ አንድ ተጨማሪ ዚፕ ፌስታል ይያዝ።

የእንስሳውን ጾታ የሚያሳየው አካል ከአንዱ የሥጋ ብልት ጋር እንደተያያዘ መቆየት አለበት። ይህን ሳታውቁ ሥጋውን አጽድታችሁ ብትወጡ ተቆጣጣሪው መንገድ ላይ ሲያገኛችሁ የምትመልሱት መልስ አይኖራችሁም።

የሥጋ ጠላት ሙቀት ነው። ሴፕቴምበር ላይ ቀኑ ከ20 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። የኤልክ ቆዳ ደግሞ እንደ ጋቢ ነው፤ ሙቀቱን ይዞ ያቆያል። ቆዳውን ቶሎ ግፈፉ፣ ሥጋውን በከረጢቱ አድርጉና ጥላ ያለበት፣ ነፋስ የሚያገኝበት ቅርንጫፍ ላይ ስቀሉ። ታፋው ወፍራም ስለሆነ አጥንቱ አጠገብ ቀድሞ ይበላሻል። ሌሊቱን የሚያድር ከሆነ እስከ አጥንቱ ሰንጥቁት ወይም አጥንቱን አውጡ። ትኩስ ሥጋ ጥቁር የቆሻሻ ፌስታል ውስጥ አይገባም፤ ታፍኖ ይገማል።

አሁን ሐበሻን የሚመለከት ነገር። ይህ ሥጋ በጥሬው አይበላም። ለብ ለብ ክትፎም አይሆንም። የዱር እንስሳ በእንስሳት ሐኪም አልተመረመረም፤ ጥገኛ ተሕዋስያንና ባክቴሪያ ሊኖሩበት ይችላሉ። እስከ 71 ዲግሪ ሴልሺየስ ድረስ ይብሰል። በተጨማሪ በኮሎራዶ አጋዘንና ኤልክ ላይ «ሲ ደብሊው ዲ» የሚባል አንጎልን የሚጎዳ በሽታ አለ። ወደ ሰው መተላለፉ እስካሁን አልታየም። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ግን በሽታው ካለበት አካባቢ የተገኘን እንስሳ እንድታስመረምሩ፣ በሽታው ከተገኘበትም ሥጋውን እንዳትበሉ ይመክራል። ናሙናው የሚወሰደው ከጭንቅላቱ ነው። የምትሄዱበት ቦታ ግዴታ ምርመራ ካለበት ጭንቅላቱንም በሸክም ሂሳባችሁ ውስጥ አስገቡት።

ኤልክ የሚያመሰኳ፣ ሰኮናው የተሰነጠቀ እንስሳ ነው። ያም ሆኖ በቀስት የተገደለን ሥጋ ስለ መብላት በየቤቱ ያለው አመለካከት ይለያያል። ከነፍስ አባታችሁ ወይም ከኢማማችሁ ጋር፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ምግብ ከሚሠራው ሰው ጋር፣ ከመሄዳችሁ በፊት ተነጋገሩ። 90 ኪሎ ሥጋ ይዞ መጥቶ «ይህ ቤቴ አይገባም» መባል አለ።

5. ቀስትና ፍላጻ

ቀስቱ ላይ አዲስ ነገር የሚገጠመው በጁላይ እንጂ በሴፕቴምበር አይደለም። የምትይዙት ፍላጻ አምስት ወይም ስድስት ይበቃል። ጫፎቹ በደንብ የተሳሉ ይሁኑ፤ በቤታችሁ ሜዳ በዚያው ጫፍ ተኩሳችሁ የሞከራችኋቸው። ለልምምድ ጫፈ ድፍን የሆነ አንድ ፍላጻ ጨምሩ። ጠዋት ከካምፕ ስትወጡ አንድ ጊዜ መተኮስ ቀስቱ በመንገድ ላይ እንዳልተዛባ ያሳያችኋል።

ትንሿ የጥገና ከረጢት እነዚህን ትይዛለች፦ ቀስቱን የሚፈቱ የአለን ቁልፎች፣ የገመድ ሰም፣ መለዋወጫ የማያያዣ ክር፣ ትንሽ ቴፕ። ከሁሉ የማይቀረው ሁለተኛ ሪሊዝ ነው። ገመዱን የሚለቀው መሣሪያ ከጠፋ ቀስቱ ዕቃ ሆነ ማለት ነው፤ ክብደቱ ደግሞ ከመቶ ግራም ብዙም አይርቅም።

ባይኖኩላር፣ 10 በ42 የሚባለው፣ ደረት ላይ በሚታሰር ኪስ ይያዝ። የርቀት መለኪያ ያዙ። ተዳፋት ላይ ዓይን ይሳሳታል፤ በቀስት ደግሞ አምስት ሜትር ስሕተት ብዙ ነው። የጥሪ መሣሪያ ብዙ መደርደር አያስፈልግም። አፍ ውስጥ የሚቀመጥ አንዱ፣ የወንዱን ጩኸት የሚያወጣ ቱቦ፣ የሴቷን ድምፅ የምታወጣ ትንሽ ፉጨት።

ከዚያ ደግሞ ሃያ ግራም የማትሞላው፣ እኔ ግን ከባይኖኩላሩ የማስቀድማት ዕቃ አለች፦ ዱቄት የምትተፋ ትንሽ ጠርሙስ። ነፋሱን ታሳያለች። ተራራ ላይ ሌሊትና ማለዳ ቀዝቃዛው አየር ወደ ሸለቆው ይወርዳል፤ ፀሐይ መሬቱን ስታሞቀው ወደ ላይ ይዞራል። ኤልክ ቢያያችሁ ቆሞ ሊያጣራ ይችላል። ቢሰማችሁ ሌላ ኤልክ ሊመስለው ይችላል። ጠረናችሁ ከደረሰው ግን አለቀ፤ ሸለቆውን ለቅቆ ይሄዳል።

6. ልብስ

ጥጥ የሚባል ነገር አይግባ። ጂንስም፣ ቲሸርትም፣ የጥጥ ካልሲም። ጥጥ አንዴ ከረጠበ ቶሎ አይደርቅም፤ በዚያ ከፍታ እርጥብ ልብስ ሰው ይገድላል። ለብሳችሁ የምትወጡት ስስ የሱፍ ካናቴራና ቀለል ያለ ሱሪ ነው። ሱፍ ለብዙ ቀን ቢለበስም ብዙም አይሸትም፤ ለዚህ አደን ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ቦርሳ ውስጥ የሚገባው፦ አንድ መቀየሪያ የውስጥ ልብስ ከላይም ከታችም፣ የላባ ወይም መሰል ወፍራም ጃኬት፣ የዝናብ ጃኬትና ሱሪ፣ የሱፍ ኮፍያ፣ ስስ ጓንት፣ ሁለት ጥንድ የሱፍ ካልሲ። በቃ። ሁለተኛ ሱሪ፣ ሦስተኛ ካናቴራ፣ የካምፕ ጫማ፣ እነዚህ መኪና ውስጥ ይቅሩ። ሴፕቴምበር ላይ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓዳማ ዝናብ የተለመደ ነው፤ በረዶም ሊጥል ይችላል። ስለዚህ የዝናቡን ጃኬት ሰማዩ ጠርቷል ብላችሁ አታስቀሩት።

አንድ ብርቱካናማ ኮፍያ ወይም ሰደርያ ጨምሩ። በወሩ መካከል በአፈሙዝ የሚጎረስ ጠመንጃ የያዙ አዳኞች ይገባሉ። ቀንድና ሥጋ ተሸክማችሁ ቁጥቋጦ ውስጥ ስትሄዱ ከሩቅ ምን እንደምትመስሉ አስቡት። ቀንዱ ላይም ደማቅ ጨርቅ እሰሩበት።

ጫማው ቢያንስ ለአንድ ወር ተረግጦ የለመደ ይሁን።

7. መኝታ

ሁለት ሰው የሚይዝ ቀላል ድንኳን አንዱ ጨርቁን፣ ሌላው ምሰሶዎቹንና ካስማዎቹን ይካፈል። ስሊፒንግ ባጉ እስከ 7 ዲግሪ ከዜሮ በታች የሚችል ይሁን። ብርድ የሚገባው በብዛት ከመሬት ነው፤ ፍራሹ የሙቀት መከላከያ ቁጥሩ ከ3.5 በላይ ይሁን። ትራስ? ጃኬቱን አጣጥፉት።

ድንኳኑን ከውሃ ቢያንስ 30 ሜትር አርቃችሁ ትከሉ። ኤልክ ወደዚያው ውሃ ሊመጣ ስለሚችል ጥቂት መቶ ሜትር ብትርቁ ለአደኑም ይበጃል።

8. ስንቅና ውሃ

እዚህ ላይ እኛ ከማንም እንበልጣለን። አሜሪካዊው አዳኝ አንዱን የደረቀ እሽግ ምግብ ከአሥር ዶላር በላይ ይገዛል። የእኛ አገር ሰው ግን ለረጅም መንገድ ስንቅ መሰነቅን ከጥንት ያውቅበታል። በሶ ቀላል ነው፣ አይበላሽም፣ እሳት አይፈልግም፤ ቀዝቃዛ ውሃ ላይ በጥብጦ መጠጣት ወይም ጭብጦ አድርጎ መብላት ይቻላል። ጭኮ ደግሞ ቅቤ ስላለበት ጉልበቱ ሌላ ነው፤ በተራራው ብርድ ቅቤው አይቀልጥም። ቆሎ ከኦቾሎኒና ከሱፍ ጋር፣ ዳቦ ቆሎ፣ ቋንጣ። ማታ ማታ ሽሮ፤ ዱቄቱ ቀላል ነው፣ ትንሽ ዘይት በትንሽ ጠርሙስ ይያዝ።

ልኩ በቀን ከ700 እስከ 900 ግራም ነው፤ ከ3,000 ካሎሪ ያላነሰ። ምግቡን ስትመርጡ ከክብደቱ ጋር አነጻጽሩት። መቶ ግራም ኦቾሎኒ ወደ 600 ካሎሪ ይሰጣል፤ መቶ ግራም ብርቱካን ግን ሃምሳ እንኳ አይሞላም። የእያንዳንዱን ቀን ስንቅ በተለያየ ዚፕ ፌስታል አሽጉና ቀኑን ጻፉበት። ረቡዕና ዓርብ የሚጾም ሰው በእነዚያ ቀናት ፌስታል ጭኮና ቋንጣ አያስገባ፤ በሶና ኦቾሎኒውን ያብዛ። አንድ የትርፍ ቀን ስንቅ ጨምሩ። እሱ የሥጋ ማውጫው ቀን ነው።

ምግብ የሚሸት ነገር ሁሉ ድንኳን ውስጥ አይደር። ኮሎራዶ ውስጥ ጥቁር ድብ አለ፤ የበርበሬና የቅቤ ሽታ ሩቅ ይሄዳል። ስንቁን ከድንኳኑ ራቅ አድርጋችሁ ከመሬት ቢያንስ ሦስት ሜትር፣ ከግንዱም ከአንድ ሜትር በላይ አርቃችሁ ስቀሉ። ሥጋውም እንደዚሁ። ዋዮሚንግ፣ ሞንታናና አይዳሆ ውስጥ ግሪዝሊ ያለባቸው ቦታዎች አሉ። እዚያ የድብ ስፕሬይ ወገብ ላይ መታጠቅ አለበት፤ ቦርሳ ውስጥ ያለ ስፕሬይ የለም ማለት ነው።

ምድጃው መዝጊያ ያለው ትንሽ የጋዝ ምድጃ ይሁን። ደረቅ ዓመት ላይ እሳት ማንደድ ሲከለከል ይኸኛው ብዙ ጊዜ ይፈቀዳል፤ ከመሄዳችሁ በፊት ግን የደኑን ቢሮ ጠይቁ። 230 ግራም ጋዝ ለሁለት ሰው ለአምስት ቀን ውሃ ማፍላት ይበቃል። ቡና ትታችሁ እንድትሄዱ አልጠይቅም። ጀበናው ግን ይቅር።

ውሃ የሚከብደው ስንቅ ነው፤ አንድ ሊትር አንድ ኪሎ። ሁለት ሊትር ያዙና ማጣሪያ ጨምሩ። ጥርት ያለ የተራራ ምንጭም ጃርዲያ ሊኖረው ይችላል። ማጣሪያው ከቀዘቀዘና በረዶ ከሠራ ውስጡ ይሰነጠቃል፤ ከውጭ አይታይም፣ ግን ማጣራቱን ያቆማል። ስለዚህ ማታ ስሊፒንግ ባጋችሁ ውስጥ ይደር። የመጠባበቂያ የውሃ ማከሚያ ክኒን ጥቂት ግራም ነው።

9. አቅጣጫ፣ ስልክ፣ ሕክምና

ስልካችሁ ኔትወርክ አይኖረውም። ካርታውን ቤት ሆናችሁ አውርዱ፤ የግል መሬትን ከሕዝብ መሬት የሚለይ መተግበሪያ ይሁን፣ ለምሳሌ ኦንኤክስ። ወሰን ማለፍ ያስከስሳል። የወረቀት ካርታና ኮምፓስም ያዙ። ስልኩን በረራ ሁናቴ ላይ አድርጉት። 10,000 ሚሊ አምፒር የሚይዝ ፓወር ባንክ ይበቃል።

በሳተላይት መልእክት የሚልክ መሣሪያ፣ እንደ ጋርሚን ኢንሪች ያለ፣ ከሁለቱ አንዳችሁ ያዙ። ቤተሰብ «ደህና ነን» የሚል መልእክት ማታ ማታ ካገኘ እንቅልፍ ይወስደዋል።

የመጀመሪያ ዕርዳታው ዕቃ ብዙ አይሁን፤ ግን ለቆረጣ ይዘጋጅ። በዚህ አደን ሰው የሚጎዳው በአብዛኛው በራሱ ፍላጻ፣ በራሱ ቢላና በወደቀበት ድንጋይ ነው። የደም ማቆሚያ ማሰሪያ፣ ወፍራም ፋሻ፣ ቴፕ፣ የቁስል ማጽጃ፣ የሕመም ማስታገሻ፣ የእግር ውኃ ቋጠሮ መሸፈኛ፣ የግል መድኃኒታችሁ። ሁለት ላይተር በተለያየ ኪስ። ሶፍትና ትንሽ አካፋ።

10. አጫጫን

ስሊፒንግ ባጉ ከታች። ስንቁና ውሃው ከጀርባ ጋር ተጣብቀው በትከሻ አጥንት ከፍታ። ልብሱ ዙሪያውን ክፍተት ይሙላ። የዝናብ ጃኬት፣ የዕለቱ ቆሎ፣ ማጣሪያው ከላይ። ከባድ ነገር ከጀርባ ከራቀ ወደ ኋላ ይጎትታል፤ ተዳፋት ላይ ያኔ ነው የሚወደቀው። ሥጋም ሲጫን ከፍሬሙ ጋር ተጠግቶ፣ ከፍ ብሎ፣ እንዳይወዛወዝ ተጠፍሮ ይታሰር።

ካምፕ ከደረሳችሁ ቦርሳው ይራገፋል። ለቀን አደን የሚቀሩበት የሥጋው ከረጢት፣ የዝናብና የብርድ ጃኬት፣ የግንባር ባትሪ፣ ላይተር፣ የሳተላይት መሣሪያው፣ የመጀመሪያ ዕርዳታው፣ ውሃና ስንቅ ናቸው። ማታ ባትመለሱ እንኳ ሌሊቱን የሚያሳድራችሁ ይህ ነው።

ከመሄዳችሁ ሁለት ሳምንት በፊት ቦርሳውን ሙሉ ጭናችሁ አንድ ሌሊት ቅርብ ቦታ እደሩ። ስትመለሱ ያልነካችሁትን ዕቃ ሁሉ ለዩት። ከመድኃኒት፣ ከዝናብ ልብስና ከሥጋው ከረጢት በስተቀር ያልተነካው ይቀነስ።

11. መኪናው ውስጥ የሚቀረው

ሁለት ትልልቅ ኩለር ያዙ። በረዶውን በፌስታል ከመግዛት ውሃ የሞሉ የፕላስቲክ ጋሎኖችን ቤት አቀዝቅዛችሁ ጫኑ። ቀስ ብለው ይቀልጣሉ፣ ሥጋውን አያረጥቡም፣ ሲቀልጡም የሚጠጣ ውሃ ይሆናሉ። ደረቅ ልብስ፣ ሌላ ጫማ፣ ተጨማሪ ምግብ፣ 20 ሊትር ውሃ፣ ትርፍ ጎማ። የመኪናውን ሁለተኛ ቁልፍ ጓደኛችሁ ይያዝ።

አንድ ወረቀት ደግሞ ቤት ይቀራል። መኪናው የሚቆምበትን ቦታ፣ የካምፑን ነጥብ ከካርታው ላይ፣ የምትመለሱበትን ቀን፣ «ከዚህ ሰዓት ካለፈ ደውሉ» የሚል ሰዓት ጻፉበት። በኮሎራዶ ፍለጋና ነፍስ ማዳን የካውንቲው ሸሪፍ ኃላፊነት ነው። ስለዚህ የካውንቲውን ስምና የሸሪፉን ቢሮ ስልክ በትልቁ ጻፉት፤ ዴንቨር ያለው ሰው የት እንደሚደውል እንዳይጨነቅ።